አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ምግብ፦ በጃፓን የማያውቁትን ምግብ በሥርዓት የመሞከር መመሪያ

በጃፓን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚበላው ብዙም አይለዋወጥም፤ ጠዋት ኮንቢኒ ከሚባለው ሌት ተቀን ክፍት ከሆነው ሱቅ የተገዛ ዳቦ፣ ቀን በካፍቴሪያ ካሪ በሩዝ፣ ማታ ደግሞ ከአገር ቤት በመጣ በርበሬ የተሠራ ወጥ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ወይ ልብሱን እያጠበ ቤቱ ይውላል፣ ወይ ከጓደኞቹ ጋር ትልቅ ከተማ ወርዶ በፎቶ ያማረውን ሁሉ ያዝዝና ግማሹን ሳይነካ ትቶ «የጃፓን ምግብ አይስማማኝም» እያለ ይመለሳል። እኔም በቆቤ ከተማ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ያሳለፍኩት በዚሁ መንገድ ነበር። በኋላ የያዝኩትና እዚህ በቅደም ተከተል የማስረዳው ዘዴ ቀላል ነው፤ በአንድ ቅዳሜ አንድ ከተማ ብቻ ይመረጣል፣ ከተማው የሚታወቅበት አንድ ምግብ ብቻ ይያዛል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ከመሄድ በፊት ይጣራል፣ ከዚያም ምግቡ በሚሠራበት ስፍራ ይቀመሳል። ለምሳሌ የምወስደው ከቆቤ በስተ ምዕራብ የምትገኘውን የባሕር ዳርቻ ከተማ አካሺን ነው። በሌላ አካባቢ የሚኖር አንባቢ የከተማውንና የምግቡን ስም ብቻ ለውጦ ሊጠቀምበት ይችላል።

ደረጃ 1፦ የማይበሉትን አስቀድመው ይለዩ

አዲስ ሰው የሚፈራው ጥሬ ዓሣን ነው፤ ይሁን እንጂ ጥሬ ዓሣ ሳህን ላይ በግልጽ ስለሚታይ ማንንም አያታልልም። የሚያታልለው ዳሺ የሚባለው መረቅ ነው። ዳሺ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ኮምቡ ከተባለው የደረቀ የባሕር ተክልና ካትሱኦቡሺ ከሚባለው፣ ተቀቅሎና በጭስ ደርቆ እንደ ወረቀት በስሱ ከተላገ ዓሣ ነው። ሚሶ ከሚባለው የተብላላ አኩሪ አተር በሚሠራ ሾርባ፣ ኡዶንና ሶባ በሚባሉት ኑድሎች መረቅ፣ በተቀቀለ አትክልት፣ በእንቁላል ጥብስ፣ አንዳንዴም በሰላጣ ማጣፈጫ ውስጥ ይገባል። በዐቢይ ጾም አንድ ረቡዕ ቀን በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ቶፉና ቅጠል ብቻ የሚታይበትን ሾርባ «ይህስ የጾም ነው» ብዬ ሁለት ጊዜ ካስቀዳሁ በኋላ፣ ሒሳብ ስከፍል ባለቤቲቱ መረቁ ጠዋት ከተላገ ዓሣ መሠራቱን በኩራት ነገረችኝ። እርሷን የምወቅስበት ምክንያት አልነበረኝም፤ አልጠየቅኋትም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ወስደው ፈጽሞ የማይበሉትን፣ በጾም ቀን ብቻ የሚተዉትን፣ እንዲሁም ስላልለመዱት ብቻ የሚሸሹትን ለያይተው ይጻፉ። በቅዳሜው ጉዞ የሚሞከረው በመጨረሻው ዝርዝር ያለው ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ በወዳጅ ግፊት የሚለወጡ አይደሉም፣ ለጃፓናዊ አስተናጋጅም ይህን መናገር ነውር የለበትም።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው በሥጋ መልክ ከሚታየው ይልቅ የተሰወረውን ይጠንቀቅ። ቶንኮትሱ የሚባለው ነጭ የራመን መረቅ ከአሳማ አጥንት የሚፈላ ነው፤ ግዮዛ በተባለው ጥቅል ውስጥ ያለው የተፈጨ ሥጋ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው፤ ኦኮኖሚያኪ በሚባለው የጥቅል ጎመን ቂጣ ላይም ካልከለከሉ በቀር ስስ የአሳማ ሥጋ ይነጠፍበታል። በእሽግ ምግብ ላይ አምራቾች እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ የሶባ እህል፣ ኦቾሎኒ፣ ዋልነት፣ ሽሪምፕና ሸርጣንን የመሳሰሉ ነገሮች መኖራቸውን እንዲጽፉ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ የአሳማ ሥጋን በተመለከተ ግን ማሳሰቢያ እንጂ ግዴታ ስለሌለ የአለርጂ ሰንጠረዡን ብቻ አይቶ መተማመን አይገባም። ሙስሊም አንባቢ ደግሞ ሚሪን የተባለውን ጣፋጭ የሩዝ መጠጥና ለወጥ ማጣፈጫ የሚጨመረውን ሳኬ የተባለ የሩዝ አልኮል ጭምር መጠየቅ ይኖርበታል። ቆቤ ላለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 በተሠራው፣ የጃፓን የመጀመሪያው በሆነው መስጊድ አካባቢ ያሉት የሐላል ሱቆች ጥሩ መጠየቂያ ናቸው።

በኦሪት ሥርዓት መሠረት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማይበሉ ወገኖቻችንም ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን ከመነሻው ይቀራሉ፤ ይህ ግን ቅዳሜውን አያበላሽም፣ አካሺ በኦክቶፐስ የምትታወቀውን ያህል በታይም ትታወቃለችና። ታይ ቀላ ያለ፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዓሣ ሲሆን፣ ስሙ «ሜዴታይ» ከሚለው የደስታ ቃል ጋር ስለሚገጥም በሠርግና በበዓል ገበታ የሚቀርብ ነው።

የመረጡትን ለመግለጽ የሚረዱ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። «ኒኩ ቶ ሳካና ዋ ታቤራሬማሰን» ማለት ሥጋና ዓሣ አልበላም ማለት ነው። «ቡታኒኩ ዋ ሃይቴ ኢማስ ካ» የአሳማ ሥጋ አለበት ወይ ብሎ ይጠይቃል። «ካትሱኦ ኖ ዳሺ ዴስ ካ» ደግሞ መረቁ የዓሣ መሆኑን ያጣራል። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚሠራው ግን ጃፓንኛ የሚጽፍ ጓደኛ የማይበሉትን በትንሽ ካርድ ላይ በጃፓን ፊደል እንዲጽፍልዎት ማድረግ ነው፤ አስተናጋጁ ካርዱን ይዞ ወደ ማድቤት ይገባል፣ መልሱም ከወጥ ቤቱ ራሱ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ከተማውን በምግቡ ይምረጡ

በጃፓን አንድ ከተማ አንድን ምግብ የራሱ አድርጎ መያዙ የተለመደ ነው። ሂሮሺማ በኑድል ላይ በሚደራረብ ኦኮኖሚያኪ፣ ኦሳካ ታኮያኪ በሚባለው የኦክቶፐስ ኳስና ኩሺካትሱ በሚባለው፣ በስንጥር ተሰክቶ በዘይት በሚጠበስ ምግብ፣ ካጋዋ በኡዶን፣ ናጎያ ደግሞ ከጠዋት ቡና ጋር በሚቀርብ ዳቦና እንቁላል ይታወቃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ከቤቱ ከአንድ ሰዓት በላይ የማይርቅ፣ በእሳት የበሰለ ምግብ ያለውና የሚራመዱበት ገበያ ያለው ከተማ እንዲመርጥ እመክራለሁ። በአንድ ቀን ሦስት ከተማ ለማዳረስ የሚሞክር ሰው ባቡርን እንጂ ምግብን አያውቅም።

አካሺ እነዚህን ሁሉ ታሟላለች። ምግቧ አካሺያኪ ይባላል፤ የከተማዋ ሰዎች ግን «ታማጎያኪ» ብለው ነው የሚጠሩት። ከእንቁላል፣ ከስንዴ ስታርችና ከዳሺ በተበጠበጠ ሊጥ ውስጥ አንድ አንድ ቁራጭ ኦክቶፐስ እየተከተተ፣ ጎድጎድ ባለ የመዳብ መጥበሻ ላይ የሚጋገር ለስላሳ ኳስ ነው። የታኮያኪ መነሻ እንደሆነ ይነገርለታል፤ ነገር ግን በጥቁር ሶስ አይለወስም፣ ሙቅ ዳሺ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚበላው። ለእኛ ምላስ የታኮያኪ ጣፋጭ ሶስ እንግዳ ስለሚሆንብን አካሺያኪን ማስቀደም የተሻለ መስሎ ይታየኛል፤ በዚህ የማይስማሙ የኦሳካ ወዳጆች አሉኝ።

ደረጃ 3፦ ዓርብ ማታ የሚያልቁ ሥራዎች

ምግብ ቤቱ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት በአካባቢው ሰዓት ከ11፡00 እስከ 14፡00 ሲሆን፣ ከዚያ እስከ 17፡00 ይዘጋሉ፤ «ራስቶ ኦዳ» የሚባለው የመጨረሻ ትእዛዝም ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ያበቃል። እንደ አገር ቤት ምሳን በስምንት ሰዓት ለመብላት ያሰበ ሰው በተዘጋ በር ፊት ይቆማል።

በጥሬ ገንዘብ ከ3,000 እስከ 4,000 የን ይያዙ፤ ከዚህም ውስጥ ጥቂት ባለ 1,000 የን ኖቶች ይኑሩ። አሮጌ ትንንሽ ቤቶች ካርድ የማይቀበሉበት ጊዜ አለ፤ በር ላይ ያለ የትኬት ማሽንም ትልልቅ ኖቶችን ሊመልስ ይችላል። ለባቡሩ ቆቤንና ኦሳካን በያዘው የካንሳይ አካባቢ ኢኮካ የሚባለው የሚሞላ ካርድ ይበቃል። በተረፈ ትንሽ ፎጣና የቆሻሻ መያዣ ፌስታል አይርሱ፤ በጃፓን መንገድ የቆሻሻ ቅርጫት ማግኘት ቀላል አይደለም።

በስልክዎ ላይ ጽሑፍን በካሜራ የሚተረጉም መተግበሪያ ይጫኑ፣ ሆኖም የምግብን ስም ቃል በቃል እንደሚፈታ ይወቁ። «ኦያኮዶን» ሲተረጎም ወላጅና ልጅ በሩዝ ላይ ይሆናል፤ ነገሩ ዶሮና እንቁላል ነው። «ኪትሱኔ ኡዶን» የቀበሮ ኡዶን ተብሎ ይመጣል፤ በላዩ ያለው የተጠበሰ ቶፉ እንጂ ቀበሮ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ከመብላት በፊት ገበያውን ይዙሩ

ከቆቤው የሳንኖሚያ ጣቢያ «ሺንካይሶኩ» በሚባለው ፈጣን ባቡር አካሺ ለመድረስ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ጊዜ ያለው ሰው ግን ቀርፋፋውን ባቡር ይዞ መንገድ ላይ ማይኮ ጣቢያ ቢወርድ አይቆጨውም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው፣ 3,911 ሜትር የሚረዝመው የአካሺ ካይክዮ ድልድይ ከጣቢያው አጠገብ ይነሣል፣ ከባሕሩ 47 ሜትር ያህል ከፍ ብሎም በድልድዩ ሆድ ውስጥ በእግር የሚኬድበት መተላለፊያ አለው። አካሺ ያደገችው ከዚህ ጠባብና ፈጣን የባሕር ሞገድ በሚወጣ ዓሣ ነው።

ከአካሺ ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ ተራምደው ኡኦንታና የተባለ ጣሪያ ያለው የገበያ መንገድ ያገኛሉ። ሳይገዙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ይመላለሱበት፤ ይህ እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ነው። እዚህ የሚሸጠው ዓሣ ቀትር አካባቢ በጨረታ የሚወጣ በመሆኑ ትኩሱ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከገንዳው ሾልኮ በመንገዱ የሚሳብ ኦክቶፐስ አይተው ቢደነግጡ ባለሱቁ ስቆ ያነሣዋል። በገበያው እየተራመዱ መብላት በብዙ ስፍራ አይወደድም፤ የገዙትን በሱቁ ፊት ቆመው ጨርሰው ዕቃውን እዚያው ይመልሱ።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የጃፓን ሰዓት የሚለካበት 135ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር በአካሺ ያልፋል፣ በመስመሩም ላይ የከተማዋ ፕላኔታሪየም ባለ ሰዓት ማማ ቆሟል። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር፣ ማማው ከቀኑ ሦስትን ሲያሳይ አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ነው። ጃፓን ውስጥ የግድግዳ ሰዓት አይቶ ወደ አገር ቤት ለመደወል መደመርም መቀነስም አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ማዘዝና መብላት

በመስኮት የሚታዩት ከፕላስቲክ የተሠሩ የምግብ ናሙናዎች ለጌጥ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም፤ ማንበብ ያቃተው ሰው አስተናጋጁን ወደ ውጭ ጠርቶ በጣቱ እያመለከተ «ኮሬ ኩዳሳይ» ቢል ትእዛዙ የተሟላ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ሳህን ብቻ ይዘዙ፤ ካማራችሁ ሁለተኛውን ማከል ይቻላል። በአንዳንድ ቤቶች ግን እያንዳንዱ እንግዳ ቢያንስ አንድ ነገር እንዲያዝዝ ይጠበቃል፤ ያኔ ሁለተኛው ሰው የሚያውቀውን ይዘዝ። አንድ የሚታወቅ ምግብ ገበታ ላይ መኖሩ አዲሱን ለመሞከር ድፍረት ይሰጣል።

መጀመሪያ የሚመጣው እርጥብ ፎጣ ለእጅ ነው፤ ፊትና አንገት አይጠረግበትም። አካሺያኪው ዘንበል ባለ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ፣ ከጎኑ ሙቅ ዳሺ በሳህን ይቀርባል። አንዱን በሃሺ፣ ማለትም በመመገቢያ እንጨቱ፣ ቀስ ብለው አንሥተው መረቁ ውስጥ ይንከሩትና ከፈል አድርገው እንፋሎቱን ያስወጡት፤ ውስጡ ከላዩ ይልቅ ያቃጥላል፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን በጥድፊያ ጎርሼ ሳምንቱን ሙሉ ምላሴ ሳይጣጣም ቀርቷል። የመጀመሪያውን እንዲሁ፣ ሁለተኛውን ከመረቁ ጋር የቀረበውን ቅጠል ጨምረው፣ ሦስተኛውን ገበታው ላይ «ሺቺሚ» የሚባለው ባለ ሰባት ቅመም በርበሬ ካለ ነስንሰው ይቅመሱ። ከኪስ ሚጥሚጣ አውጥቶ መነስነስ ቢፈልጉም እስከ ሦስተኛው ይታገሡ፤ የዳሺ ጣዕም ስስ ስለሆነ በሚጥሚጣ ሥር ይጠፋል።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። ምግብን ከአንድ ሰው ሃሺ ወደ ሌላ ሰው ሃሺ ማቀባበል ከቀብር ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ የሟች አጥንት ከተቃጠለ በኋላ የሚለቀመው በዚህ መንገድ ነውና። በፍቅር ጉርሻ ለመስጠት የዘረጉት እጅ ገበታውን ዝም ሊያሰኘው ይችላል። ለወዳጅዎ ማካፈል ሲፈልጉ በትንሿ ሳህኑ ላይ ያስቀምጡለት። ሃሺን በሩዝ ላይ አቁሞ መትከልም በተመሳሳይ ምክንያት አይደረግም።

በኦሳካ ኩሺካትሱ ሲበሉ የነከሱትን ስንጥር መልሰው በጋራው የሶስ ዕቃ ውስጥ አይንከሩ፤ ሶስ ካነሰዎት በቀረበው ጥሬ ጎመን ጨልፈው ያፍሱበት። ማታ ኢዛካያ በሚባለው የመጠጥ ቤት ከተቀመጡ ደግሞ ሳያዝዙ የሚመጣ «ኦቶሺ» የተባለ ትንሽ ምግብ አለ፤ ሒሳቡ ላይ ጥቂት መቶ የን ይጨምራል፣ የመቀመጫ ክፍያ መሆኑን ማወቅ ከንትርክ ያድናል። ጉርሻ ለአስተናጋጅ አይተውም፤ ረስተውት የሄዱ መስሏቸው መንገድ ድረስ ይከተሉዎታል።

ደረጃ 6፦ ጥሬውንና የሚዝለገለገውን ቀስ ብለው ያስገቡ

ጥሬ ዓሣ ለመጀመር ሳህኖች በመስመር እየዞሩ የሚቀርቡበት የሱሺ ቤት ይሻላል፤ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1958 ኦሳካ አጠገብ የተጀመረ ነው። ሳህኑ ሁለት ጉርሻ ብቻ ስለሚይዝ ባይወዱት ኪሳራው ትንሽ ነው፣ አጠገቡም የበሰለ እንቁላልና ዱባ ጥብስ ይገኛል። ዋሳቢ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫን ስለሚሰነፍጥ፣ የማይፈልግ ሰው «ሳቢ ኑኪ» ብሎ ያስቀራል።

ቁርጥ የለመደ ሰው ግን እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። በሱፐርማርኬት የሚሸጠው የበሬ ሥጋ ተበስሎ እንዲበላ የተዘጋጀ ነው፤ የበሬ ጥሬ ጉበትን በምግብ ቤት ማቅረብ እ.ኤ.አ. ከ2012፣ ጥሬ የአሳማ ሥጋን ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ተከልክሏል። ከዓሣም ቢሆን በጥሬው የሚበላው «ሳሺሚ ዮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብቻ ነው፤ «ካኔትሱ ዮ» የሚለው እሳት ይፈልጋል።

ናቶ የሚባለውን የተብላላ አኩሪ አተር ሰው ፊት ከመሞከር ከሱፐርማርኬት ገዝተው እቤትዎ ቢጀምሩ ይሻላል። ከሰናፍጩ ጋር ሲመታ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ሽታውም ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ስልጆ ለሚወድ ሰው ግን እንደሚባለው ሩቅ አይደለም። አብሮት በሚመጣው ትንሽ የሶስ ከረጢት ውስጥ የዓሣ ዳሺ ስለሚገኝበት በጾም ቀን ያንን ትተው በተራ አኩሪ አተር ሶስ ይለውሱት። ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ናቶን ፈጽሞ አይብላ፤ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃረናል።

በጾም ወራት፦ ወደ ኮያ ተራራ

በጾም ወቅት ቅዳሜን ቤት መቀመጥ ግዴታ አይደለም። የቡድሃ መነኮሳት «ሾጂን ሪዮሪ» የሚሉት ሥጋም ዓሣም የሌለበት፣ ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት የራሳቸው ገበታ አላቸው፤ መረቁም ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። ለዚህ የሚመረጠው ስፍራ በዋካያማ የሚገኘው፣ ኩካይ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ816 የመሠረተውና ከ2004 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮያ ተራራ ነው። ከኦሳካ ናምባ በናንካይ ባቡር እስከ ጎኩራኩባሺ፣ ከዚያ በገመድ በሚጎተት የተራራ ባቡር ይወጣል። እንግዳ የሚያሳድሩ 50 ያህል ገዳማት አሉ፤ ምሳ ብቻ ለመብላትም ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ከሰሊጥና ከስታርች የሚረጋው «ጎማ ዶፉ» ሰሊጥ ፍትፍት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቦታ ሲይዙ ወተትና እንቁላል እንደማይበሉም አክለው ይንገሩ።

ደረጃ 7፦ የሚቀረውን ይዘው ወደ ቤት

ማምሻውን፣ ሱቆቹ ከመዝጋታቸው በፊት፣ ዋጋ የሚቀንስ ተለጣፊ በምግቡ ላይ መለጠፍ ይጀምራል፤ «ሃንጋኩ» የሚለው ግማሽ ዋጋ ማለት ነው። አካሺ ላይ በዚህ ሰዓት ሊፈልጉ የሚገባው «አራ» የሚባለውን የታይ ራስና አጥንት ነው፤ ሥጋው ለሳሺሚ ተነሥቶለት የቀረ ስለሆነ ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው፣ አጥንቱን የከበበው ሥጋ ግን ከሁሉ ይጣፍጣል። በበረዶ አሳሽገው እቤት ሲደርሱ የፈላ ውኃ አፍስሱበት፣ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ገልብጠው የቀረውን ቅርፊትና ደም በጣትዎ እያሻሹ ያንሡ። ከዚያ ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ በርበሬውን አስገብተው፣ ዓሣውን በመጨረሻ ይጨምሩና ሳያማስሉ ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ካማሰሉት ይፈራርሳል፣ አጥንቱንም ከወጡ ውስጥ ሲለቅሙ ያመሻሉ።